ከዱባይ በፊትስ?

ኅዳር መጨረሻ ላይ የእህቴን ልጅ ይዤ ሐዋሳ ፒያሳ ወደሚገኝ ወርቅ ቤት ሄድኩ። ሠርጓ ለጥር ተቆርጧል። ወርቅ ሠሪው የአባቴ ወዳጅ የነበረ ሽማግሌ ነው። መነጽሩን ግንባሩ ላይ ሰቀለና ከመስታወቱ ሥር አንድ ሐብል አውጥቶ ጥቁር ጨርቅ ላይ ዘረጋው።

«ይሄ የዱባይ ነው፤ 21 ካራት» አለ።

እዚህ አገር ወርቅ ለመሸጥ ከዚህ በላይ ቃል አያስፈልግም። እኔ እጄን ሰድጄ ነበር። ልጅቷ ግን አልነካችውም።

«ጋሼ፣ ከዱባይ በፊትስ?» አለችው።

«እንዴት ከዱባይ በፊት?»

«ዱባይ ወርቅ አይቆፈርም። እዚያ ከመድረሱ በፊት ከየት መጣ ማለቴ ነው።»

ሽማግሌው ወዲያው አልመለሰላትም። ሐብሉን በሁለት ጣቱ አንስቶ ትንሿ ሚዛን ላይ አስቀመጠው። ቁጥሩ እስኪረጋ ጠበቀ። በመጨረሻ «የኔ ልጅ» አላት፣ «ወርቅ አንዴ ከቀለጠ አባቱ አይታወቅም።»

ሳንገዛ ወጣን።

ሐይቁ ዳር ሄደን ከአንድ ዋርካ ሥር ተቀመጥን። ስልኳን አውጥታ ከጓደኞቿ ጋር የጻፉትን ነገር አሳየችኝ። ለሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤትና ለውጭ ጉዳይ ሚኒስቴር የተጻፈ ደብዳቤ ነው። መንግሥታችን ሱዳን፣ ዳርፉር ውስጥ ሰው በሚጨፈጭፉት ላይ በእጁ ያለውን የኢኮኖሚ ጫና እንዲያሳርፍ ይጠይቃል። ከሥሩ የሰው ስም ተደርድሯል።

«አክስቴ፣ ፈርሚ» አለችኝ።

«ቤት ገብተን እንነጋገርበት» አልኳት።

ቅር አላት። አውቃለሁ። ልጅቷ ከጥቅምት ጀምሮ እንቅልፍ የላትም። ጥቅምት 16 ቀን 2018 የዳርፉሯ ከተማ ኤል ፋሸር የሱዳንን ሠራዊት በሚወጋው በፈጥኖ ደራሽ ኃይሉ እጅ ወደቀች። ከተማዋ ከ500 ቀን በላይ ተከባ፣ ሰዉ የከብት መኖ እየበላ ነበር። ከዚያ በኋላ የሆነውን ገዳዮቹ ራሳቸው በስልካቸው እየቀረጹ ለቀቁት። እዚያው ኤል ፋሸር ባለው «ሳውዲ» በሚባለው የወሊድ ሆስፒታል ውስጥ ብቻ ከ460 በላይ ታማሚዎችና አስታማሚዎች መገደላቸውን የዓለም ጤና ድርጅት ተናግሯል። የዬል ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች በመረመሯቸው የሳተላይት ምስሎች ላይ መሬቱ ቀልቶ ይታያል። ከሰማይ የሚታይ ደም ማለት ነው። ልጅቷ ፋርማሲ ውስጥ ነው የምትሠራው። ስለዚያ ሆስፒታል ካነበበች ወዲህ መድኃኒት እየሰጠች እጇ እንደሚንቀጠቀጥ ነግራኛለች።

ታዲያ ለምን ወዲያው አልፈረምኩም? ይህን ጽሑፍ የጀመርኩት ለእሷ መልስ ለመስጠት ነው።

ምክንያቱ ከግቢዬ ይጀምራል። ሐምሌ 2008 የሐዋሳ ኢንዱስትሪ ፓርክ ሲመረቅ ከተማው በሙሉ ኪራይ ቤት ሆነ። እኔም ከጓሮ ያሉትን ሁለት ክፍሎች ለሠራተኞች አከራየሁ። አንዱ ክፍል ውስጥ አራት ልጆች ይኖሩ ነበር፤ ፍራሹ ሁለት ነው። ሳይነጋ ተነስተው ሰርቪስ ይይዛሉ፤ ማታ እግራቸው አብጦ ይመለሳሉ። ኑሯቸው ጥሩ ነበር አልልም። እ.ኤ.አ. በ2019 የኒውዮርክ ዩኒቨርሲቲ ጥናት መነሻ ደሞዛቸው በወር 26 ዶላር መሆኑን ሲያወጣ እኛ አከራዮች አልደነቀንም። ሽሮው ስንት ቀን እንደሚቆይ ከእኛ በላይ ማን ያውቃል?

ከአራቱ አንዷ ከቦዲቲ የመጣች ነበረች። ሥራዋ የሸሚዝ አንገትጌ መስፋት ነው። ቀኑን ሙሉ አንገትጌ፣ አንገትጌ፣ አንገትጌ። እሁድ እሁድ ቡና ስናፈላ የኔን ሸሚዝ ትገለብጥና «እትዬ፣ ይሄ ጠማማ ነው፤ የኛ ላይን ቢሆን አያልፍም ነበር» ትለኛለች። ስትናገር ደስ ትላለች። የቀኝ አመልካች ጣቷ ላይ መርፌ የገባበት ጠባሳ አለ። ልክ ጥፍሩ ሥር፣ የምስር ፍሬ የምታህል።

ልጆቹ እቁብ ነበራቸው። ከጎረቤት ግቢ አራት ጨምረው ስምንት ሆኑ። በየወሩ 200 ብር። እጣው የሚወጣው እኔ በረንዳ ላይ ነው፤ ወረቀቱን አጥፎ ጆግ ውስጥ የሚከተው የኔ ትንሹ ልጅ ነበር። የቦዲቲዋ ልጅ ሲደርሳት ካጠራቀመችው ጋር ጨምራ ያገለገለ የስፌት መኪና ልትገዛ ነው። የት እንደምታስቀምጠው እንኳን አሳይታኛለች፤ ከመስኮቱ ሥር፣ ብርሃን ያለበት ጋ።

ጥቅምት 23 ቀን 2014 የአሜሪካ መንግሥት ኢትዮጵያን ከአጎዋ እንደሚያስወጣ አስታወቀ። አጎዋ ማለት ከአፍሪካ የሚሄድ ልብስ ያለ ቀረጥ አሜሪካ እንዲገባ የሚፈቅድ ሕግ ነው። ያኔ ያለ እሱ አንዳንዱ ልብስ እስከ 32 በመቶ ቀረጥ ይከፍል ነበር። ምክንያቱ የሰሜኑ ጦርነትና እዚያ የተፈጸመው ግፍ ነው። ውሳኔው ታኅሣሥ 23 ሥራ ላይ ዋለ። የፓርኩ ትልቁ ኩባንያ ግን ያን ያህል አልጠበቀም፤ ገና ኅዳር ላይ እንደሚወጣ ተናገረ።

እቁቡ ስድስተኛው እጣ ላይ ቆመ። የደረሳቸው ልጆች ክፉ ሆነው አይደለም የቀሩት። ደሞዝ ከሌለ ከየት ያምጡ? አንዷ ወደ አለታ ወንዶ፣ አንዷ ወደ ሶዶ ተበታተኑ። እጣው ጆግ ውስጥ የቀረው የሁለት ልጆች ስም ነው። የቦዲቲዋ ልጅ 1,200 ብር ከፍላ ባዶ እጇን ቀረች። የምትሄድ ዕለት ፍራሿን በገመድ አስራ በረንዳው ላይ ተቀመጠች። አላለቀሰችም። «እትዬ፣ እኔ ሽጉጥ አይቼ አላውቅም» አለችኝ። ይህችን ብቻ ነው ያለችው። የክር መቁረጫዋን ሚስማር ላይ ረስታው ሄደች፤ አሁንም እዚያው ተንጠልጥሏል።

በጣም ተናደድኩ። ንዴቴን ተሸክሜ አስተማሪዎች ክፍል ገባሁ። ያኔ ታሪክ ነበር የማስተምረው፤ ጡረታ አልወጣሁም። ከጎኔ የምትቀመጠው ባልደረባዬ የመቀሌ ልጅ ናት። ስለ ልጆቹ አወራኋት። «እነዚህ ልጆች ምን አደረጉ?» አልኳት፤ ድምፄም ሳይጮህ አልቀረም።

ደብተር እያረመች ነበር። ቀና አላለችም። «ምንም አላደረጉም» አለች። «የኔም እናት ምንም አላደረገችም።»

የእናቷን ድምፅ ከሰማች ወራት አልፈው ነበር። ስልኩ ተዘግቷል፤ ባንኩ ተዘግቷል። ወንድሟ ዋሽንግተን ነው የሚኖረው። በየሳምንቱ ሰልፍ ይወጣል፤ ለምክር ቤት አባላት ይጽፋል፤ አሜሪካ ጫና እንድታደርግ ይለምናል። «ሌላ ምን በእጁ አለ?» አለችኝ። «እስቲ ንገሪኝ። ሌላ ምን በእጁ አለ?»

መልስ አልነበረኝም። የሰው ቁስል እንጨት ስደድበት ይባላል፤ እኔ የያዝኩት እንጨት የእሷ ቁስል ውስጥ እንደገባ ያወቅኩት ደብተሩ ላይ እንባ ሲወርድ ነው። እነዚያን ሁለት ሰዎች እስከዛሬ ማስታረቅ አልቻልኩም። አንደኛዋ ፍራሿን አስራ በረንዳዬ ላይ የተቀመጠችው ናት። ሁለተኛው ዋሽንግተን ውስጥ ብርድ ላይ የቆመው ሰው ነው። ሁለቱም እውነት አላቸው።

ማስታወቂያው በወጣ በዓመቱ፣ ልክ በዚያው ቀን፣ ጥቅምት 23 ቀን 2015 ፕሪቶሪያ ላይ ሰላም ተፈረመ። ጫናው ነው ያመጣው የሚል አለ፤ አይደለም የሚልም አለ። እኔ በዓይኔ ያየሁትን ልናገር። በዚያ ዓመት ደሞዝ የተቋረጠባት አንገትጌ የምትሰፋ ልጅ ናት። የሚተኩሰው ሰው ደሞዝ አልተቋረጠም።

ሌሊት እንቅልፍ ሲነሳኝ የማስበው ስለ 1928 ነው። 27 ዓመት ያስተማርኩት ምዕራፍ ነው።

እኛም ለምነናል። ያ የዋሽንግተኑ ሰው የቆመበት ቦታ ላይ እኛ ቆመን ነበር። ለእኛ ደግሞ የማያውቁን ሰዎች ቆመውልን ነበር፤ ይሄን ብዙዎቻችን አናውቀውም። ጣልያን ከመግባቱ በፊት ባለው ዓመት እንግሊዝ ውስጥ ግማሽ ሚሊዮን ገደማ በጎ ፈቃደኞች ቤት ለቤት እየዞሩ በር ያንኳኩ ነበር። የያዙት አምስት ጥያቄ ያለበት ወረቀት ነው። አምስተኛው እንዲህ የሚል ነው፦ አንድ አገር ሌላውን ልውረር ካለ፣ ሌሎቹ አገሮች ተባብረው በኢኮኖሚ ጫና ያስቁሙት ወይ? ከ11 ሚሊዮን በላይ ሰው መለሰ። ከ10 ሚሊዮን በላይ የሚሆነው አዎ አለ። ውጤቱ የተነገረው ሰኔ 1927 ነው። የቤት እመቤት፣ የከሰል ማዕድን ሠራተኛ፣ ሱቅ ጠባቂ ነው የመለሰው። ኢትዮጵያ ካርታ ላይ የት እንዳለች እንኳን ምናልባት አብዛኛው አያውቅም ነበር።

መስከረም 22 ቀን 1928 ጣልያን መረብን ተሻገረ። ኅዳር 8 ቀን የመንግሥታቱ ማኅበር ማዕቀብ ጣለ። እስከዚህ ድረስ 10 ሚሊዮኑ ሰው ተሰምቷል ማለት ይቻላል።

ክፍል ውስጥ ሁልጊዜ እዚህ ላይ ቆም እል ነበር። ምን ተከለከለ? ብዬ እጠይቃለሁ። ለጣልያን መሣሪያ መሸጥ ተከለከለ። ብድር ተከለከለ። የጣልያንን ዕቃ መግዛት ተከለከለ። ጎማ ተከለከለ፤ ቆርቆሮ ተከለከለ። ዝርዝሩ ውስጥ ፈረስ፣ በቅሎ፣ አህያና ግመል ሳይቀር አለ። ለጣልያን በቅሎ መሸጥ ክልክል ሆነ።

ነዳጅ ግን አልተከለከለም።

ይህን ስል ክፍሉ ዝም ይላል። ሁልጊዜ። የአሥራ ስድስት ዓመት ልጅ እንኳን ገብቶት ዝም ይላል። የጣልያን አውሮፕላን በበቅሎ አይበርም። ከታኅሣሥ ጀምሮ ተከዜ ላይ፣ ከዚያም በየግንባሩ የመርዝ ጋዝ ያፈሰሱት አውሮፕላኖች የሚበሩት በነዳጅ ነው። ስንቅና ጥይት የሚያመላልሱት ካሚዮኖች በነዳጅ ነው የሚሄዱት። የስዊዝ ቦይም አልተዘጋም። ወታደሩም መርዙም በዚያ አለፈ፤ ጣልያን የመተላለፊያ ሒሳቡን እየከፈለ። አሜሪካ የማኅበሩ አባል አልነበረችም፤ ነጋዴዎቿ ነዳጁን ከወትሮው አብልጠው ሸጡ። ሙሶሊኒ እ.ኤ.አ. በ1938 ለሂትለር ሲያወጋ፣ ነዳጅ ተከልክሎ ቢሆን ኖሮ ከሐበሻ ምድር በሳምንት ውስጥ መውጣት ነበረብኝ ማለቱን አስተርጓሚው ጽፎታል።

በሳምንት ውስጥ። ይህን ለተማሪዎቼ ስናገር ድምፄ ይሰበር ነበር፤ አሁን ስጽፈውም እጄ ይከብዳል። አያቴ የተከዜ ሰው ነው።

አንድ ዓመት አንድ ተማሪ እጁን አወጣ። «ቲቸር፣ ታዲያ 10 ሚሊዮኑ ሰው በከንቱ ነው የደከመው?» አለኝ። ያን ቀን የሰጠሁት መልስ ደካማ ነበር። ዛሬ ቢጠይቀኝ ይህን እለዋለሁ። በከንቱ አልደከሙም። ኅዳር 1928 መጨረሻ ላይ የእንግሊዙ ውጭ ጉዳይ ሚኒስትር ሳሙኤል ሆርና የፈረንሳዩ ፒየር ላቫል በምስጢር ተስማምተው የአገራችንን ትልቅ ቁራሽ ለሙሶሊኒ ሊሰጡ ነበር። ነገሩ ፓሪስ ላይ ጋዜጣ ወጣበት። እንግሊዝ አገር ሰው ቱግ አለ። ለምክር ቤት አባላት ደብዳቤ ጎረፈ። ሆር በቀናት ውስጥ ሥልጣኑን ለቀቀ። ይሄንን ያደረገው በር ያንኳኳው ሕዝብ ነው።

የጎደለው ሌላ ነገር ነው። ወረቀቱ ላይ የተጻፈው «የኢኮኖሚ ጫና» ነው። ነዳጅ አይልም። ስዊዝ አይልም። ስሙ ክፍት የሆነ ነገር ለመንግሥት ሲሰጥ፣ መንግሥት ለራሱ የሚቀለውን ይመርጣል። የእንግሊዝ መንግሥት ከጣልያን ጋር መዋጋት ፈርቶ ነበር፤ ስለዚህ በቅሎውን ከለከለ፤ ነዳጁን ተወ። ሰኔ 23 ቀን 1928 ጃንሆይ ጄኔቫ ላይ ቆመው ሲናገሩ አዲስ አበባ ከተያዘች ሁለት ወር ሊሆናት ነበር። ከዚያ ሳምንት እንኳን በቅጡ ሳይሞላ፣ ያቺ የበቅሎ ማዕቀብ ትነሳ ተብሎ ተወሰነ።

አጎዋም ለኔ እንዲሁ ነው። ዋሽንግተን የቆመው ሰው «ጫና» አለ። መንግሥቱ መደርደሪያው ላይ ያገኘውን ጫና አነሳ። ለሚያነሳው ቀላል ነበር። የወደቀው ግን በረንዳዬ ላይ ነው።

ስለዚህ ለእህቴ ልጅ ያልኳት የመጀመሪያው ነገር ይሄ ነው፦ ደብዳቤያችሁ «የኢኮኖሚ ጫና» ብቻ ካለ አልፈርምም። የነዳጁን ስም ጥሩ።

«የዚህኛው ነዳጅ ምንድነው?» አለችኝ። መልሱን ግን ወርቅ ቤቱ ውስጥ እሷው ተናግራው ነበር።

ሱዳን በፊት በነዳጅ ነበር የምትተዳደረው። የመጀመሪያው የዳርፉር ጭፍጨፋ ጊዜ፣ እ.ኤ.አ. ከ2003 በኋላ፣ አሜሪካ ውስጥ ተማሪዎች ተነስተው ዩኒቨርሲቲዎቻቸው ከሱዳን ነዳጅ ጋር የተያያዘ አክሲዮን እንዲሸጡ ወጥረው ያዙ። ሃርቫርድ በ2005 የፔትሮቻይናን አክሲዮን ሸጠ። በ2007 መጨረሻ ክልሎችና ከተሞች ገንዘባቸውን ከሱዳን ነዳጅ እንዲያወጡ የሚፈቅድ ሕግ ወጣ። እነዚያ ልጆች ስም ጠርተዋል፤ አከብራቸዋለሁ። በ2011 ደቡብ ሱዳን ስትገነጠል አብዛኛው ነዳጅ አብሯት ሄደ። የቀረው ወርቅ ነው። ዳርፉር ውስጥ የጀበል አሚር ወርቅ በፈጥኖ ደራሽ ኃይሉ አዛዥ በሄሜቲ ሰዎች እጅ ገባ። የዛሬው ፈጥኖ ደራሽ ኃይል መኪናና ጥይት የገዛው በዚያ ነው። ሌላኛው ወገን፣ ሠራዊቱም፣ ወርቅ እየሸጠ ነው የሚዋጋው። ከሱዳን የሚወጣው ወርቅ አብዛኛው የሚሄደው ወደ ተባበሩት አረብ ኤምሬቶች ነው። እዚያ ይቀልጣል። አባቱ ይጠፋል። ከዚያ ሐብል ሆኖ ጥቁር ጨርቅ ላይ ይዘረጋል።

ልጅቷ በዚያች ቅጽበት ሐብሉን ያልነካችው ለዚህ ነው። እኔ ግን እጄን ሰድጄ ነበር። ይሄን ልደብቀው አልፈልግም።

ሁለተኛው ያልኳት ነገር ስለ ዋጋው ነው። ማን ይከፍለዋል? እ.ኤ.አ. ጁላይ 1984 ደብሊን ውስጥ ሜሪ ማኒንግ የምትባል የ21 ዓመት ገንዘብ ተቀባይ ነበረች፤ ደንስ የሚባል ሱፐርማርኬት ውስጥ። አንዲት ደንበኛ የደቡብ አፍሪካ ግሬፕፍሩት ይዛ መጣች። ሠራተኛ ማኅበሯ የአፓርታይድን ዕቃ አትንኩ ብሎ ነበርና ሜሪ አልሸጥም አለች። ከሥራ አገዷት። ባልደረቦቿ ተከትለዋት ወጡ። ሦስት ዓመት ሊሞላቸው ጥቂት ሲቀረው ድረስ በር ላይ ቆሙ፣ በዝናብ፣ በብርድ። አላፊ አግዳሚው ተሳደበባቸው። በ1987 የአየርላንድ መንግሥት የደቡብ አፍሪካን አትክልትና ፍራፍሬ እንዳይገባ ከለከለ። ማንዴላ ከእስር ወጥቶ ደብሊን ሲሄድ አገኛቸው።

እነዚህ ልጆች መንግሥታቸውን የለመኑት በራሳቸው ደሞዝ ነው። በሰው ደሞዝ አይደለም።

የደቡብ አፍሪካ ጥቁሮችም ተጠይቀዋል። እንዲያውም ጠያቂዎቹ እነሱ ነበሩ። የአፍሪካ ብሔራዊ ኮንግረስ መሪ አልበርት ሉቱሊ እ.ኤ.አ. በ1959 ለእንግሊዝ ሕዝብ ዕቃችንን አትግዙ ሲል፣ ይሄ እኛን እንደሚጎዳን እናውቃለን፣ የደሙን ዘመን የሚያሳጥር ከሆነ ግን ዋጋውን ለመክፈል ፈቃደኞች ነን የሚል ቃል አስፍሯል። ልዩነቱ እዚህ ላይ ነው። የቦዲቲዋን ልጅ ትከፍያለሽ ወይ ብሎ የጠየቃት የለም።

«መንግሥታችን እንዲህ ያለ ነገር አድርጎ ያውቃል?» አለች የእህቴ ልጅ። ያውቃል። ኢትዮጵያ ከላይቤሪያ ጋር ሆና ደቡብ አፍሪካን በናሚቢያ ጉዳይ ሄግ ፍርድ ቤት ያቆመችው በእኛ አቆጣጠር በ1953 ነው። ስድስት ዓመት ተከራክረው መክሰስ አትችሉም ተባሉ፤ ግን ቆመዋል። ግንቦት 1955 አዲስ አበባ ላይ የአፍሪካ አንድነት ድርጅት ሲመሠረት መሪዎቹ ወደባችንንና ሰማያችንን ለአፓርታይድ መንግሥት እንዝጋ አሉ። ከዚያ በኋላ የደቡብ አፍሪካ አውሮፕላን ወደ አውሮፓ የሚበረው አህጉሩን በባሕሩ በኩል ዞሮ ነበር። ይህ ሲባል የኛ ሕዝብ ሀብታም አልነበረም።

ዛሬስ ምን እንጠይቅ? ብሔራዊ ባንካችን ከባሕላዊ አምራቾች ወርቅ ይገዛል። ቤኒሻንጉል ወርቅ አለ፤ ቤኒሻንጉል ከሱዳን ጋር ይዋሰናል። ይሄ ወርቅ ከየትኛው ጉድጓድ ወጣ የሚለው ጥያቄ በግዢው ወረቀት ላይ ይኑር፤ መልስ የሌለው አይገዛ። ከውጭ የሚገባው ጌጥም እንዲሁ። የአፍሪካ ኅብረት መቀመጫ እኛ ጋ ነው፤ የወርቁ ጉዳይ በስሙ ተጠርቶ እዚያ ጠረጴዛ ላይ ይቅረብ። ገዢ ለሆነው አገር ጎረቤትነታችንንና ንግዳችንን ይዘን በግልጽ እንናገር። ትንሽ ናት አውቃለሁ። ግን በቅሎ አይደለችም።

ደብዳቤውን ከልጅቷ ጋር እንደገና ጻፍነው። ሁለት ማታ ፈጀ።

ከዚያ አንድ ነገር ቀረኝ። የቦዲቲዋ ልጅ ከሁለት ዓመት በፊት ወደ ሐዋሳ ተመልሳለች። መናኸሪያው አካባቢ ጀበና ቡና ትሸጣለች። ልብስ መስፋት ትታለች። ይዣት ሄድኩ፣ የእህቴን ልጅ። ቄጠማው ላይ በርጩማ ስባ አስቀመጠችን። ልጅቷ ደብዳቤውን ከስልኳ አነበበችላት። ኤል ፋሸር ምን እንደሆነ ነገረቻት። ሆስፒታሉን ነገረቻት። የቦዲቲዋ ልጅ ሲኒ እያጠበች ትሰማለች። ስለ ሆስፒታሉ ስትሰማ እጇ ቆመ።

አንብባ ስትጨርስ «ወርቁን የሚቆፍሩት እነማን ናቸው?» አለች።

የእህቴ ልጅ ወደ እኔ ዞረች።

«የኔ ቢጤ ናቸው አይደል?» አለች የቦዲቲዋ ልጅ። «ቀን ሙሉ ቆፍረው ማታ የሚበሉ። ገዢ ሲጠፋ እነሱ ምን ይሆናሉ? ደብዳቤው ላይ የሉም።»

ቡናው ገነፈለ፤ እሱን ስታወርድ ሁላችንም ዝም አልን። አንድ የጅማ ሹፌር ገብቶ ቡና ጠጥቶ ወጣ። እኔ ልመልስላት ሞከርኩ። ጉድጓዱ ላይ ጠመንጃ የያዘ ሰው እንደቆመ፣ ቆፋሪው የሚያገኘው ፍርፋሪ እንደሆነ ነገርኳት። «የኛም ፍርፋሪ ነበር እትዬ» አለችኝ። «ፍርፋሪ ሲቀር ይታወቃል።»

እዚያው ቁጭ ብለን አንድ አንቀጽ ጨመርን። ቃሉን የነገረችን እሷ ናት፤ የእህቴ ልጅ ጻፈች። ጫናው የሚያርፈው ወርቁን በጠመንጃ በያዙትና ከእነሱ በሚገዙት ኩባንያዎች ላይ ይሁን ይላል። በሰላም እየቆፈረ የሚያድረው ሰው ወርቁን በሕጋዊ ዋጋ የሚሸጥበት በር ይቅርለት ይላል። የሚጎዱት ሰዎች ይጠየቁ ይላል። ይህቺ የመጨረሻዋ ዓረፍተ ነገር አጭር ናት። ሁለቴ አስነበበቻት።

ከዚያ «በስልክ አልችልም፤ ወረቀት አለ?» አለች። ከቦርሳዬ አንድ ወረቀት አወጣሁ። እጇን በሽርጧ ጠርጋ እስክሪብቶውን ያዘች። ያ ጠባሳ ጥፍሯ ሥር አሁንም አለ። ስሟን ከነአባቷ ከነአያቷ በደንብ ጻፈች፤ ፊደሉን አንድ በአንድ። እኔ ከሥሯ ፈረምኩ።

ደብዳቤው ባለፈው ሰኞ ገቢ ተደርጓል፤ ማኅተም ተመትቶ ቁጥር ተሰጥቶታል። የመቀሌዋ ባልደረባዬ አንብባው ደወለችልኝ። ስሟ 41ኛው ላይ አለ። የሠርጉን ወርቅ ገና አልገዛንም። ሠርጉ ሦስት ሳምንት ቀርቶታል።